የጃርቶቹን ፊልም የተረጎመችልን እትዬ ዘነበች

እትዬ ዘነበች ማረፏን የሰማሁት ከተቀበረች ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው። ያውም ታክሲ ስጠብቅ። አየር ጤና ቆሜ፣ ከኋላዬ አንዲት ሴት ለጓደኛዋ፣ «የነማርታ እናት አረፉ እኮ፤ እነዚያ ሹራብ ይሠሩ የነበሩት» ስትል ሰማሁ። ዞር አልኩ።

«የትኛዋ ማርታ ልጄ?»

«የሂሩት እህት። ያውቋቸዋል እንዴ እማማ?»

ምን ልበላት? ታክሲው መጣ፣ ሰው እየተጋፋ ገባ፣ እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ልቅሶውን ሳይደርሱ የቀሩት ሰው ሞት እንዴት እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል። እኔ ደግሞ ከልቅሶውም በፊት ስንትና ስንት ዓመት ያልደረስኩላት ሰው ነኝ። የምኖረው ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ነው፤ እሷ አየር ጤና። ለጤነኛ እግር የሚኬድ መንገድ ነው። ሁለት ጊዜ ገበያ ላይ አይቻት ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አድርጌ አልፌያለሁ። ለምን እንደሆነ ሳልጽፈው ብሞት ደስ አይለኝም። ለዚህ ነው ይቺን ደብተር ከልጅ ልጄ ለምኜ የተቀመጥኩት። ተማሪ ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። ወዲያ ወዲህ ካልኩባችሁ ታገሡኝ።

እትዬ ዘነበች በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ነበረች። ችግረኛ መመዝገብ፣ ለታመመ ሰው የነፃ ሕክምና ወረቀት ማጻፍ፣ አሳዳጊ ያጣ ልጅ ሲገኝ ለበላይ ማሳወቅ፣ ይሄ ነበር ሥራዋ። ረዥም ናት፣ ቀጭን ናት፣ አንገቷ ብቻውን አንድ ክንድ ይሆናል። ያኔ ሰፈራችን አስፋልት የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። እሷ የወንድ ቦት ጫማ አድርጋ ነበር የምትዞረው። እርሳሷን ሹሩባዋ ውስጥ ትሰካና፣ «እርሳሴን ያየ?» እያለች የሰው ቤት ሙሉ ትፈልጋለች። አንነግራትም ነበር። እስክታገኘው እንስቅባታለን፣ ስታገኘው አብራን ትስቃለች።

ወደ ማንም ቤት ስትመጣ ከአጥሩ ውጭ ሆና፣ «በደህና ነው! በደህና ነው የመጣሁት!» ብላ ሳትጮህ አትገባም። ምክንያት አለው። ያን ጊዜ ከየቤቱ ሰው ሰሜን ዘምቷል። የቀበሌ ሰው በር ካንኳኳ፣ በተለይ በጠዋት ከሆነ፣ መርዶ ነው ተብሎ ገና ሳይከፈት ይለቀሳል። ስለዚህ በጠዋት የሰው ደጅ አትረግጥም፤ ከምሳ በኋላ ነው የምትመጣው። ገብታም ወሬ አትጀምርም። ቀጥ ብላ ጓዳ ትገባና ድስቱን ከፍታ ታያለች።

«ሴትዮ ምን እየፈለግሽ ነው?» ስንላት፣ «የኔ ሪፖርት ያለው እዚህ ውስጥ ነው» ትላለች።

ድስቱ ባዶ ከሆነ ዝም ብላ ትከድነዋለች። ሁለት ቀን ሳይሞላ ከቀበሌው ሱቅ ዱቄት ይመጣል። ማን አስመጣው አይባልም። ልጅ አልወለደችም። ባል ነበራት ይባላል፤ የት እንደደረሰ አልጠየቅናትም። በዚያ ዘመን የማይጠየቅ ነገር ብዙ ነበር።

እንግዲህ ወደ ልጆቹ ልምጣ። ከኔ ቤት አጥር ለአጥር ወርቅነሽ የምትባል የወታደር ሚስት ነበረች። ባሏ ታደሰ ዘምቶ፣ ደብዳቤው ከተቋረጠ ዓመት አልፎታል። ወርቅነሽ ሳምባዋን ታመመችና ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። ሁለት ሴት ልጆች ቀሩ። ማርታ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሂሩት ገና ሦስት መድፈኗ ነበር። ዘመድ ተፈለገ፣ የመጣ የለም።

አንድ ቦኖ ውሃ የምንቀዳ ሰባት ሴቶች ነበርን። ተራ አወጣን። ልጆቹ ሰኞ አንዷ ቤት ይበላሉ፣ ማክሰኞ ሌላዋ ቤት፣ እንዲህ እያልን ሳምንቱን ሞላነው። የኔ ሐሙስ ነበር። የሁላችን ታላቅ እማማ ደብሪቱ ደግሞ ከልጆቹ ጋር ያድሩ ነበር። እውነቱን ልናገርና በራሳችን ደስ ብሎን ነበር። ቦኖው ጋ ስንገናኝ፣ «እንዲህ ነው እንጂ ጎረቤት!» እንባባላለን።

አንድ ሐሙስ ግን በዓል ዋለና ተራው ተዛባ። እኔ፣ በዓል ስለሆነ እማማ ደብሪቱ ያበሏቸዋል ብዬ፣ እሳቸው፣ ሐሙስ የበለጡ ነው ብለው፣ ሌሎቹም እንደዚሁ ብለው፣ ሁሉም ወደየዘመዱ ሄደ። በለጡ እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘነበች ስትመጣ ልጆቹን ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ታገኛቸዋለች። ማርታ ታናሿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ «አሁን ይጠሩናል፣ አሁን ይጠሩናል» እያለች ታባብላት ነበር። ስንመለስ እትዬ ዘነበች አብልታቸው ጓዳ ሳህን ስታጥብ ደረስን። አልተቆጣችንም። «ሰባት ቤት ያላቸው ልጆች ናቸው ጾማቸውን የዋሉት» ብቻ አለችና እጇን አደራርቃ ወጣች።

ይሄ ወሬ ሊቀመንበሩ ጆሮ ደረሰ። ልጆቹ በመንግሥት ወደሚተዳደር የሕፃናት ማሳደጊያ ይሂዱ አለ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይሄን ልጻፍለት። ሰብስቦን እንዲህ ነው ያለን፦

«እናንተ ጎረቤት ጎረቤት ትሉኛላችሁ። እኔ በየሰው ደጅ ነው ያደግኩት። ጎረቤት ደስ ሲለው ያበላል፣ ሲከፋው ‹ዛሬ የማን ተራ ነው?› ይላል። እሱን ቃል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። እዚያ አልጋ አለ፣ ትምህርት አለ፣ ሐኪም አለ። እኔ ምን አጠፋሁ?»

ሐሙሷን እያሰብን መሬት መሬቱን አየን።

እትዬ ዘነበች ግን ከስብሰባው በኋላ እኔ ግቢ መጥታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሥራዋ ስለሆነ ከዚያ በፊት ልጆች ወስዳለች፤ ቤቱን ታውቀዋለች።

«በዕድሜ ይለዩዋቸዋል በለጡ» አለችኝ። «ማርታ ትልልቆቹ ጋ፣ ሂሩት ሕፃናቱ ጋ፣ ሌላ ግቢ። ትንሿ የአባቷን ስም አትናገርም፤ ስም ያወጡላታል። አምና ያደረስኩትን ልጅ ልጠይቅ ሄጄ በስሙ ብጠራው ዞሮ አላየኝም። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም። ልጁ ብዙ ነው፣ የሚይዘው እጅ ጥቂት ነው። ግን ታደሰ በሕይወት ኖሮ አንድ ቀን ቢመጣ፣ ምን ብሎ ነው የሚፈልጋት?»

«ታዲያ ምን ይሻላል እትዬ?»

«ጓዱ እንኳ ልክ ነው እኮ» አለች። «እሱ ልክ መሆኑ ነው ያስቸገረኝ።»

በዚያው ሰሞን የሲኒማ መኪና መጣ። እሑድ ከሰዓት የቀበሌው አዳራሽ መስኮቶች በብርድ ልብስ ተጋረዱ፣ ነጭ አንሶላ ግድግዳው ፊት ለፊት ተሰቀለ፣ ጄኔሬተሩ ውጭ ይንደቀደቃል። ፊልሙ ሥዕል የሚንቀሳቀስበት ነው፤ የልጅ ልጆቼ አሁን ቀኑን ሙሉ አፍጥጠው የሚያዩት ዓይነት። እኛ እንዲህ ያለ አይተን አናውቅም። ለቤተሰብ የሚሆን፣ ከወዳጅ አገር የመጣ ነው ተባለ። ቋንቋውን የሚያውቅ የለም። ታሪኩ በአማርኛ የተጻፈበት ወረቀት አብሮ መጥቷል፤ እትዬ ዘነበች ከአንሶላው ጎን ቆማ በማይክሮፎን ታነባለች። ማርታና ሂሩት ከሌሎች ልጆች ጋር ከፊት ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል።

መብራቱ ጠፋ። አንዲት እናት ጃርት ሦስት ልጆቿን አስከትላ ብቅ አለች።

«ጃርት ነው እንዴ?» አሉ እማማ ደብሪቱ ጮክ ብለው። «ድንቼን የፈጀው አውሬ! እሱንም ፊልም ያነሱታል?»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሳቁ ግን አልቆየም። ጎርፍ መጣ፣ እናቲቱን ወሰዳት። ሦስቱ ልጆች ዛፍ ሥር ተጠጋግተው አለቀሱ። ፊልሙ ላይ ጎረቤትም አለ፤ እንቁራሪት፣ ኤሊ፣ ጥንቸል። ሁሉም ከየቤታቸው መጋረጃ ገለጥ አድርገው ያያሉ።

«ጎረቤቶቹም በሐዘን ተመለከቱ» ብላ አነበበች እትዬ ዘነበች።

«ተመለከቱ ብቻ?» አለች አንዷ ከኋላ።

«ልቅሶ አልተቀመጡም እንዴ?»

«ድንኳንም የለ! ዕድር የላቸውም እነዚህ።»

«ኤሊዋ እንኳ ትልቅ ሰው ትመስላለች፤ ልጆቹን ግቡ አትልም?»

ሊቀመንበሩ ከፊት ወንበር ዞሮ፣ «ጓዶች፣ ጸጥታ!» አለ። ወዲያው አንዲት ሽመላ ነጭ ሽርጥ ታጥቃ፣ ቦርሳ ይዛ፣ በመኪና መጣች። «የመንግሥት የእንክብካቤ ሠራተኛ» ይላል ወረቀቱ።

«እትዬ ዘነበች፣ አንቺን ነው የሳሉት! አንገቷን እዩት!»

እሷም ሳቀች፤ ሳቋ በማይክሮፎኑ ተሰማ። ከዚያ ሽመላዋ የመኪናውን በር ከፈተችና ጃርቶቹን አንድ በአንድ አስገባቻቸው። ጎረቤቶቹ መሐረብ አውለበለቡ። ከዚያ በሮቻቸውን ዘጉ፤ አንዱ ቤት ዘጋ፣ ሌላው ዘጋ፣ ሌላው ዘጋ።

«ጎረቤቶችም ከሐሳብ ነፃ ወጥተው በደስታ...» ብላ ጀመረችና አቆመች።

ወረቀቱን አጠፈችው፤ ኪሷ ከተተችው። የሚያነብ ሰው ድምፅና የሚያወራ ሰው ድምፅ አንድ አይደለም፤ ፊደል ዘግይቶ የገባው ሰው ይሄን ቶሎ ይለየዋል። ማውራት ጀመረች።

«በር የዘጉት ስንቅ ሊያሰናዱ ነው» አለች። «ሽመላዋ ልጆቹን የወሰደችው ልታስከትባቸው ነው፤ ትመልሳቸዋለች።»

አንሶላው ላይ ትልቅ ቤት መጣ፤ ነጭ አልጋ በረድፍ ተደርድሯል።

«ይሄ የአክስታቸው ቤት ነው። አያችሁ፣ ሦስቱም አንድ ላይ ናቸው። ማንም አልለያቸውም። አባታቸው ከዘመቻ እስኪመለስ ነው እዚህ የሚቆዩት። ጎረቤቶቹም በየተራ ይመጡላቸዋል።»

ሊቀመንበሩ ቀስ ብሎ ዞሮ አያት። ወረቀቱን ቀድሞ አንብቦታል፤ በፊልሙ ውስጥ አባት የሚባል ነገር እንደሌለ ያውቃል። እሷ አላየችውም፣ ወይም ያላየች መሰለች። ሥዕሉ ወደ መጨረሻው ደርሶ ጃርቶቹ ከብዙ ልጆች ጋር ግቢ ውስጥ ይዘፍናሉ።

«የሚዘፍኑት ዛሬ አባታቸው ስለሚገባ ነው» አለች።

ይሄኔ ማርታ ከወለሉ ተነሳች።

«አባትየው የታለ?»

ጃርቶቹ ብቻ በማናውቀው ቋንቋ ይዘፍናሉ።

«መንገድ ላይ ነው ማርታዬ» አለች እትዬ ዘነበች። «አንሶላው ጠቦ ነው እንጂ... ከዚያ ወዲያ ነው ያለው።»

ማርታ ወደ አንሶላው ሄደችና ጫፉን ገልጣ ከኋላው ገባች። ከአንሶላው በታች ሁለት ትንንሽ እግሮቿ ይታያሉ። ከወዲህ ወዲያ ሄዱ። ግድግዳው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ከዚያ ተመለሱ። ስትወጣ ሂሩትን አንስታ አዘለቻትና ከአዳራሹ ወጣች። ፊልሙ እንዴት እንዳለቀ አላስታውስም።

እትዬ ዘነበችን ሊቀመንበሩ እዚያው አስቀራት። እኛ ሴቶቹ ግን ዓይናችንን እየጠረግን እኔ ግቢ ገባን። እማማ ደብሪቱ፣ «በሉ ማር ፈልጉ» አሉ።

በኛ አገር ልጅ ያለ ወረቀት ይወሰዳል። ሽማግሌ ባለበት የሚያሳድገው ሰው አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ያጠባዋል፤ ከዚያ ወዲያ የጡት ልጁ ነው፣ እንደ ወለደው ይቆጠራል። አንዷ ለሳል ያስቀመጠችውን ማር አመጣች። የዕድራችን ዳኛ ተጠርተው ቁጭ አሉ። እማማ ደብሪቱ ጣታቸውን ነክረው ማርታን አጠቧት፣ ሂሩትን አጠቧት። እልል ተባለ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብን። ግን ሁለተኛዋ ተነሳች። «እኔስ? እኔም ላጥባቸው» አለች። ሦስተኛዋ እጇን ታጠበች።

«ኧረ ሴቶች!» አሉ ዳኛው። «አንድ ልጅ በአንድ ሰው ነው የሚወሰደው። በሰባት ሰው አይቼ አላውቅም።»

«እንግዲያ ዛሬ ይዩ!» አሏቸው እማማ ደብሪቱ።

ሰባታችንም አጠባናቸው። እኔ አምስተኛ ነበርኩ። ሂሩት ከንፈሯን እየላሰች፣ «ሌላ እናት የለም?» ስትል ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ማርታ ግን እያንዳንዳችንን ዓይን ዓይናችንን እያየች ነበር የምትጠባው።

እትዬ ዘነበች በማግስቱ ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ሰባት? ቅጹ እኮ የአሳዳጊ ስም የሚጻፍበት አንድ መስመር ነው ያለው! በሉ፣ ተነጋገሩና አንዳችሁ ሁኑ። ረቡዕ ቢሮ ኑ። አንድ ስም ካለ ልጆቹ አይሄዱም፤ ከሌለ ሐሙስ መኪናው ይመጣል።»

አልተነጋገርንም። እንዴት ብለን? ቦኖው ጋ ስንገናኝ ስለ ፊልሙ እናወራለን፣ ስለ ጃርቶቹ። እያንዳንዳችን ሌላዋ እንደምትሆን እያሰብን ይመስለኛል። እኔ እንደዚያ ነበር የማስበው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቢሮው ውስጥ ተደርድረን ቆምን። ሊቀመንበሩ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«የትኛዋ ናት እናት?» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሳልነግራችሁ እንዳትፈርሙ። የፈረመች ስለ አባታቸውም ትጠየቃለች። እጁን ለጠላት ሰጥቷል የሚል ወሬ አለ። እኔ አላልኩም። ከላይ ከመጡ ግን የሚጠሩት እዚህ ላይ ስሟ ያለውን ነው» አለ።

እያስፈራራን አልነበረም። እያስጠነቀቀን ነበር፤ እሱ ነው የባሰው።

እማማ ደብሪቱ፣ «እኔ ነገ ሟች ነኝ፣ ምን ዋጋ አለኝ» አሉ። አንዷ የነጠላዋን ጥለት ትቆጥራለች። የኔ ባል ከስብሰባ እየቀረ ስሙ ተይዞ ነበር፤ ሌላ ወረቀት ላይ ስማችን እንዲታይ አልፈለግኩም። ይሄን ምክንያት ለራሴ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ። አፌ ግን የተዘጋው በሱ ብቻ አይደለም። አንዷ ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። ሰባታችንም እንደዚሁ ጠበቅን። እንደ ሐሙሷ ማለት ነው።

እትዬ ዘነበች ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጣ ብዕሩን ይዛ ነበር። አንድ በአንድ አየችን። እኔ ላይ ስትደርስ ዓይኔን ሰበርኩ። ከዚያ ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሲጭር ሰማሁ።

«የማንን ስም ነው የምትጽፊው?» አላት ሊቀመንበሩ።

«የራሴን።»

«አንቺ የቢሮው ሠራተኛ ነሽ። በራስሽ ቅጽ የራስሽን ስም?»

«ታዲያ ከየት ቅጽ ልበደር?»

«የፊልሙ ነገር ገና አላለቀም። ይሄ ሲጨመርበት...»

«ይጨመርበት ጓድ።»

ሊቀመንበሩ ማህተሙን ይዞ ብዙ ቆየ። ፊቱ ላይ ያየሁት ንዴት አይደለም። «ማህተሙን አደርግልሻለሁ» አላት መጨረሻ ላይ፤ «ሥራሽን ግን ላድንልሽ አልችልም።» አደረገላት።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሕዝብ ፊት አቁመው ራስሽን ሂስ አድርጊ አሏት። ወረቀት አላዘጋጀችም። «ፊልሙን አበላሽቻለሁ» አለች። «ጎረቤቶቹን ካሉት በላይ ደግ አድርጌ ተርጉሜያቸዋለሁ።» ይሄንን ስትል እኛን አላየችም። እንዳላየችን ግን ሁላችንም አየን።

ከሥራ ወጣች። ትንሽ ቆይታ ልጆቹን ይዛ አየር ጤና አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራየች፣ ሹራብ እየሠራች ማሳደግ ጀመረች። መጀመሪያ ሰሞን ዳቦ ይዤ ሄጃለሁ፤ እንደ ድሮዋ ሳቀችልኝ፣ ድንች ቀቅላ አበላችኝ፣ ስለዚያ ረቡዕ አንድ ቃል አልወጣትም። ብትቆጣኝ ኖሮ እመላለስ ነበር። ባለመቆጣቷ ቀረሁ። መንግሥት ሲለወጥ ወታደሩ በእግሩ እየተበተነ በሰፈራችን ሲያልፍ መንገድ ዳር ቆሜ ታደሰ የሚባል ያውቁ እንደሆን እየጠየቅኩ ብዙ ቀን ውያለሁ። ታደሰ አልመጣም። የመጣ ወሬም የለም። እማማ ደብሪቱ ሞቱ፣ ሌሎቹም አንድ በአንድ ሄዱ። ከሰባቱ እኔ ቀረሁ።

ያቺን የታክሲዋን ሴት በሌላ ቀን እዚያው ቆሜ ጠበቅኳትና ቤቱን አሳየችኝ። ማርታ ከፈተችልኝ፤ ፀጉሯ ሸብቷል፤ ጥቁር ለብሳለች። ስሜን ስነግራት ያዘችኝ።

«እማማ በለጡ! ከሰባቱ!» አለች። አስቀመጠችኝ፣ ተላቀስን። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «እማዬ ሁልጊዜ ታወራልን ነበር። ‹ሰባቱም እኔ ልፈርም እኔ ልፈርም ብለው ተሻሙባችሁ፤ ብዕሩን ቀድሜ የነጠቅኩት እኔ ነኝ፤ እነሱን ስላሳጣኋችሁ ይቅር በሉኝ› ትለን ነበር።»

ያን ሁሉ ዓመት ስለኛ ስታወራላቸው የኖረችው ይሄንን ነው።

«ማርታ» አልኳት፣ «ማንም አልተሻማም ልጄ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ሂሩትን አዝዬ የቢሮው በር ጋ ቆሜ ነበር። ሰምቻለሁ። ‹እኔ› ያለች ሴት ግን አልሰማሁም።»

«ነግረሻት ታውቂያለሽ?»

«ለእማዬ? አልነገርኳትም። ስታወራልን ደስ ይላት ነበር።» ወደ ጓሮው በር አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሂሩት ግን እንዳለ ታምናለች። ልጆቿንም እንደዚያ ብላ ነው ያሳደገቻቸው።»

«ልንገራት?»

«እኔን አይጠይቁኝ» አለች።

ሂሩት በጓሮው በር ገባች። እኔ ሳውቃት አፏን በደንብ ያልፈታች ልጅ ነበረች፤ አሁን ድምፀ ወፍራም የቤት እመቤት ናት። ማርታ ማን እንደሆንኩ ነገረቻት። ተንበርክካ ጉልበቴን ሳመች።

«ለመፈረም ከተሻሙት አንዷ ነዎት?» አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። ማርታ አጠገቤ ቆማ እጆቿን አጣምራ መስኮቱን ታያለች።

«አዎ ልጄ» አልኩ።

ሂሩት ልጆቿን ጠራቻቸው። ሦስቱም መጥተው ምንጣፉ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ ትንሿ አገጯን መዳፏ ላይ አስደግፋ አፈጠጠችብኝ። «በሉ ይንገሩን እማማ፤ እንዴት እንደነበረ ከእማዬ ሌላ የነገረን ሰው የለም» አለች ሂሩት።

ነገርኳቸው። እማማ ደብሪቱ ብዕሩን እንዴት እንደጎተቱት፣ እኔ ወረቀቱን በእጄ እንዴት እንደሸፈንኩት፣ ሊቀመንበሩ ‹ኧረ ተራ ያዙ› እያለ እንዴት እንደጮኸ ነገርኳቸው። ልጆቹ ሳቁ። ሂሩት እንባዋን እየጠረገች ሳቀች።

ሳልጨርስ ማርታ፣ ያኔ ከአዳራሹ እንደወጣችው፣ ወጣች።